ቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚት

ቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚት (ጥር 19 ቀን 1880 – መጋቢት 11 ቀን 1939 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 27 ቀን 1888 እስከ ማርች 20 ቀን 1947) በስዊዘርላንድ ተወልዶ በኖርዌይ ያደገ የማዕድናትና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። ከዘመናዊ ጂኦኬሚስትሪና ከክሪስታል ኬሚስትሪ መሥራቾች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ዋና ሐሳቡ የአንድ ክሪስታል ቅርጽ በአብዛኛው የሚወሰነው ክሪስታሉን በሠሩት አዮኖች መጠን ነው የሚል ነው። ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ በ1926 ያቀረበው አጭር ስሌት፣ ፔሮቭስካይት የሚባሉትን ኦክሳይዶች ለሚሠሩና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለሚመረምሩ ሰዎች እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ጎልድሽሚት አይሁዳዊ በመሆኑ በናዚዎች ዘመን ሁለት ጊዜ ሥራውንና ቤቱን ጥሎ ለመሄድ ተገዷል። በ1942 ወደ አውሽቪትዝ በሚሄድ መርከብ ሊጫን ሲል በመጨረሻው ሰዓት ከወደቡ ተመልሶ ተርፏል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጎልድሽሚት የተወለደው በዙሪክ ከተማ ነው። አባቱ ሃይንሪክ ጎልድሽሚት የኬሚስትሪ ምሁር ነበር። ልጁንም ቪክቶር ያለው በሥራ ባልደረባው በኬሚስቱ ቪክቶር ማየር ስም ነው። አባቱ በክርስቲያኒያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ሥራ ስላገኘ ቤተሰቡ በ1901 ወደ ኖርዌይ ተዛወረ። ክርስቲያኒያ የዛሬዋ ኦስሎ የቀድሞ ስም ነው። ቤተሰቡ በ1905 የኖርዌይ ዜግነት ሲያገኝ ቪክቶርም በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዩኒቨርሲቲው ያስተማረው ታዋቂው የጂኦሎጂ ምሁር ቫልደማር ብሮገር ነበር። ጎልድሽሚት በ1911 የዶክትሬት ሥራውን ሲያቀርብ ዕድሜው ገና 23 ነበር። ጥናቱ የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ወጥቶ ሌላ ድንጋይ ሲነካ፣ የተነካው ድንጋይ በሙቀቱ ወደ ምን ዓይነት ማዕድናት እንደሚለወጥ የሚመረምር ነው። የክርስቲያኒያን አካባቢ ድንጋዮች ከሰበሰበ በኋላ፣ በተወሰነ ሙቀትና ግፊት ውስጥ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት ማዕድናት በኬሚስትሪ ሕግ የተወሰኑ መሆናቸውን አሳየ። እስከዚያ ድረስ የድንጋይ ጥናት በአብዛኛው ማየት፣ መግለጽና መመደብ ነበር። የጎልድሽሚት ሥራ ግን ማዕድናቱ ለምን እንደዚያ ሆኑ የሚለውን መጠየቅ ጀመረ።

በ1914፣ በ26 ዓመቱ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና የማዕድናት ጥናት ተቋም ኃላፊ ሆነ። ትዳር አልመሠረተም፤ ብዙውን ዕድሜውን ከአባቱ ጋር ኖረ።

ከጦርነት ጊዜ ችግር ወደ ኤክስሬይ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የኖርዌይን የውጭ ንግድ ስላወከ አገሪቱ የጥሬ ዕቃ እጥረት ገጠማት። በ1917 መንግሥት ጎልድሽሚትን የጥሬ ዕቃ ጉዳይ ኮሚሽንና የዚሁ ላቦራቶሪ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ዓላማው ከውጭ ይመጡ የነበሩ ዕቃዎችን በአገር ውስጥ ማዕድናት መተካት ነበር። ይህ ሥራ ለጎልድሽሚት ላቦራቶሪ፣ መሣሪያና ረዳቶች አስገኘለት። በኋላም ኦሊቪን ከተባለው አረንጓዴ ማዕድን ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋም የምድጃ ጡብ እንዲሠራ አድርጓል።

በ1912 ማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቹ በጀርመን ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበተን አሳይተው ነበር። ከተበተነው ጨረር ተነሥቶ አተሞች በክሪስታል ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩና ምን ያህል እንደሚራራቁ ማስላት ይቻላል። ጎልድሽሚትና ረዳቶቹ ይህን ዘዴ ይዘው ከ1922 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የብዙ ውሁዶችን አሠራር መረመሩ። ከረዳቶቹ መካከል ቶም ባርት፣ ዊሊያም ዛካሪያሰንና ጉልብራን ሉንዴ ይገኙበታል። በ1925 ያሳተሙት አንድ ጥናት፣ ከላንታነም ቀጥለው በሚመጡት ንጥረ ነገሮች ውስጥ የአተም ቁጥር ሲጨምር የአዮኖቹ መጠን ደረጃ በደረጃ እንደሚያንስ አሳየ። የላንታናይዶች መኮማተር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ጥናት ነው።

የአዮኖች መጠን

ኤክስሬይ የሚሰጠው በሁለት አዮኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው። ርቀቱ የሁለቱ ሬዲየስ ድምር ስለሆነ፣ የአንዱ መጠን ካልታወቀ የሌላውን መለየት አይቻልም። የፊንላንዱ ተመራማሪ ያርል ቫሳስትየርና በ1923 የኦክስጅንና የፍሎሪን አዮኖችን መጠን ከብርሃን ስብራት ልኬት ገምቶ ነበር። ጎልድሽሚት እነዚህን ቁጥሮች መነሻ አድርጎ የሌሎቹን በመቀነስ አገኘ። በዚህ መንገድ በ1926 ሰፊ የአዮን ሬዲየስ ሠንጠረዥ አወጣ።

ሠንጠረዡ የጂኦሎጂ እንቆቅልሾችን ለመፍታት ረዳ። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆነና ክፍያቸው እኩል የሆነ ሁለት አዮኖች በክሪስታል ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገቡ ይችላሉ። ለምሳሌ የማግኒዚየም አዮን ሬዲየስ 72 ፒኮሜትር ሲሆን የኒኬል 69 ነው። ስለዚህ ኒኬል የራሱን ማዕድን ሳይሠራ በኦሊቪን ውስጥ በማግኒዚየም ቦታ ተሸሽጎ ይገኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ በመንገዱ ዳር የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ የወሎ ደጋ ባዛልት ውስጥ ኦሊቪን በተገኘ ጊዜ በውስጡ ጥቂት ኒኬል የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጎልድሽሚት ንጥረ ነገሮችን በጠባያቸው በቡድን መድቧል፦ ብረትን የሚከተሉ፣ ድኝን የሚከተሉ፣ ከኦክስጅን ጋር ሆነው በድንጋይ ውስጥ የሚቀሩ እና በከባቢ አየር ውስጥ የሚገኙ። ይህ ምደባ አሁንም በጂኦሎጂ ትምህርት ውስጥ አለ።

የፔሮቭስካይት ስሌት

ፔሮቭስካይት በ1839 በጀርመናዊው ጉስታፍ ሮዝ የተገለጸ፣ ከኡራል ተራሮች የተገኘ ማዕድን ነው። ስሙ የተሰጠው በሩሲያዊው ባለሥልጣንና ማዕድን ሰብሳቢ ሌቭ ፔሮቭስኪ ነው። በኬሚስትሪ ካልሲየም ቲታኔት ነው፤ ለአንድ ካልሲየም አንድ ቲታኒየምና ሦስት ኦክስጅን ይኖረዋል። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ውሁዶች ሁሉ በእርሱ ስም ይጠራሉ። የጎልድሽሚት ረዳት ቶም ባርት የዚህን ማዕድን አሠራር በኤክስሬይ አጥንቶ በ1925 አሳተመ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ዓይነት የብረት አዮኖች አሉ። ትንሹ አዮን በስድስት ኦክስጅኖች ተከብቦ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ፣ ማለትም ኦክታሄድሮን ይሠራል። ኦክታሄድሮኖቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው በሦስቱም አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ትልቁ አዮን ደግሞ በስምንት ኦክታሄድሮኖች መካከል በሚቀረው ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል።

ጎልድሽሚት የጠየቀው ትልቁ አዮን በክፍተቱ ውስጥ በትክክል ይገባል ወይ የሚለውን ነው። መልሱን በአንድ ቁጥር ገለጸ። ይህ የተስማሚነት ቁጥር እንደሚከተለው ይሰላል፦

1. የትልቁን አዮንና የኦክስጅንን ሬዲየስ መደመር፤
2. የትንሹን አዮንና የኦክስጅንን ሬዲየስ ደምሮ በ1.414 (በ2 ስኩዌር ሩት) ማባዛት፤
3. የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው ማካፈል።

ውጤቱ 1 ከሆነ አዮኖቹ በትክክል ይገጥማሉ፤ ክሪስታሉም የተስተካከለ ኪዩብ ይሆናል። ሮበርት ሻነን በ1976 ባሳተመው የተሻሻለ ሠንጠረዥ መሠረት ኦክስጅን 140፣ ቲታኒየም 60.5፣ ካልሲየም 134፣ ስትሮንቲየም 144፣ ባሪየም 161 ፒኮሜትር ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ሲሰላ የሚከተለው ይገኛል፦

- ስትሮንቲየም ቲታኔት፦ 1.00። በተለመደው የክፍል ሙቀት ኪዩብ ነው።
- ካልሲየም ቲታኔት፦ 0.97። ካልሲየም ለክፍተቱ ስለሚያንስ ኦክታሄድሮኖቹ ዘንበል ብለው ክፍተቱን ያጠብባሉ። ኪዩብ የሚሆነው ከ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ብቻ ነው።
- ባሪየም ቲታኔት፦ 1.06። ባሪየም ትልቅ በመሆኑ ለቲታኒየም የሚቀረው ቦታ ይሰፋል። ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ቲታኒየሙ ከመሃል ስለሚሸሽ ክሪስታሉ የኤሌክትሪክ ዋልታ ይይዛል። በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ካፓሲተሮች የሚሠሩት ከዚህ ቁስ ነው።

አንድ ጠጣር ነገር ሳይቀልጥ የአተሞቹ አደራደር ሲቀየር የፌዝ ለውጥ ተከሰተ ይባላል። የጎልድሽሚት ቁጥር አንድ ፔሮቭስካይት ወደ የትኛው ዓይነት ለውጥ እንደሚያዘነብል ይጠቁማል። ለውጡ በስንት ዲግሪ እንደሚከሰት ግን አይናገርም፤ የኬሚካል ትስስርን ጠባይም በቀጥታ አያካትትም። ስትሮንቲየም ቲታኔት ቁጥሩ 1 ሆኖ ሳለ፣ ከዜሮ በታች 168 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ኦክታሄድሮኖቹ ይዞራሉ።

ጎቲንገንና ከጀርመን መውጣት

በ1929 ጎልድሽሚት በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ጎቲንገን በዚያን ጊዜ ከዓለም ትልልቅ የሒሳብና የፊዚክስ ማዕከላት አንዷ ነበረች። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1931፣ ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። መሣሪያው ገና ደካማ ስለነበረ ጎልድሽሚት በስሌት የደረሰበትን የአተሞች አቀማመጥ ለማየት የሚያስችል አልነበረም።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳውያን ምሁራን ከዩኒቨርሲቲው ተራ በተራ ተባረሩ ወይም ለቀቁ። ጎልድሽሚት ለጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ በ1935 ሥራውን ለቆ ከአባቱ ጋር ወደ ኦስሎ ተመለሰ። ኦስሎ ላይም የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ቀጠለ። አባቱ በ1937 ሞተ።

በ1938 የንጥረ ነገሮችን ብዛት የሚያሳይ ትልቅ ሠንጠረዥ አሳተመ። ሠንጠረዡ የምድርን ድንጋዮች፣ ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችንና የከዋክብትን ብርሃን መረጃ ያገናዘበ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የአተም ኒውክሊየስን አወቃቀር ያጠኑ ሳይንቲስቶች በዚህ ሠንጠረዥ ተጠቅመዋል።

እስርና ሽሽት

በኤፕሪል 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። ጎልድሽሚት ከዚያ በኋላ የሳያናይድ መርዝ በኪሱ ይዞ ይንቀሳቀስ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ይገልጻል። የቀድሞ ረዳቱ ጉልብራን ሉንዴ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። ከእርሱ ጋር የላንታናይዶችን ጥናት ያሳተመው ይህ ሰው፣ ከናዚዎች ጋር ባበረው በቪድኩን ክቪስሊንግ መንግሥት ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ሥራ የሚመራ ሚኒስትር ሆነ። ሉንዴ በኦክቶበር 1942 መጨረሻ በአደጋ ሞተ።

በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የኖርዌይ ፖሊስ አይሁዳውያን ወንዶችን በጅምላ ሲያስር ጎልድሽሚትም ተያዘ። በርግ ወደተባለው የእስረኞች ካምፕ ተወሰደ። ታሞ ስለነበር ለጥቂት ቀናት ቢለቀቅም በኖቬምበር መጨረሻ እንደገና ተያዘ። ኖቬምበር 26 ቀን ዶናው የተባለችው መርከብ ከ500 በላይ አይሁዳውያንን ጭና ከኦስሎ ወደብ ተነሣች። ሰዎቹ መጨረሻቸው አውሽቪትዝ ሲሆን በሕይወት የተረፉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ጎልድሽሚት ወደቡ ላይ ከተሰለፉት መካከል ነበር። ሳይንሳዊ ዕውቀቱ ለአገሪቱ ይጠቅማል ተብሎ ስለተጠየቀለት፣ ሊጫን ሲል ከሰልፉ እንዲወጣ ተደረገ።

የተለቀቀው ለጊዜው ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነበር። በዲሴምበር 1942 የኖርዌይ ተቃውሞ ንቅናቄ ሰዎች በድብቅ ድንበር አሻግረው ወደ ስዊድን አደረሱት። በማርች 1943 በአውሮፕላን ወደ ብሪታንያ ሄደ። እዚያም በመጀመሪያ አበርዲን በሚገኘው የማኮሌይ የአፈር ምርምር ተቋም፣ ከዚያም በሮተምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሠራ። በ1943 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነ። በ1944 የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የዎላስተን ሜዳሊያ አገኘ።

እስሩና ሽሽቱ ግን ጤናውን ክፉኛ ጎድቶት ነበር። በ1946 ወደ ኦስሎ ተመልሶ ሥራ ቢጀምርም አልቆየም፤ በማርች 1947 በ59 ዓመቱ አረፈ። ጂኦኬሚስትሪ የተባለው ትልቁ መጽሐፉ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ ነበር። አሌክስ ሙይር አዘጋጅቶት በ1954 ታተመ። ጎልድሽሚት ለኖቤል ሽልማት ብዙ ጊዜ ቢታጭም አላገኘም።

ከሞቱ በኋላ፦ ስሌቱ በዓይን ሲታይ

የጎልድሽሚት ሕግ ዋጋ ይበልጥ የታየው እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። በ1957 ሩድልስደንና ፖፐር የተባሉ ተመራማሪዎች የፔሮቭስካይት ንጣፎች በሌላ ዓይነት ንጣፍ እየተለዩ የሚደራረቡባቸውን ኦክሳይዶች ገለጹ። እነዚህ ንብርብር ፔሮቭስካይቶች ይባላሉ። በ1986 ጆርጅ ቤድኖርዝና አሌክስ ሙለር፣ ጎልድሽሚት በተወለደባት በዙሪክ አቅራቢያ በሚገኝ ላቦራቶሪ፣ ላንታነም፣ ባሪየምና መዳብ ባለው ንብርብር ኦክሳይድ ውስጥ ከዚያ በፊት ከታወቀው ከፍ ባለ ሙቀት የሚጀምር ሱፐርኮንዳክቲቪቲ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በእነዚህ ቁሶች ውስጥም ንጣፎቹ በመጠን ካልተስማሙ ኦክታሄድሮኖቹ ያዘነብላሉ። የዚህ ቤተሰብ መነሻ የሆነው የላንታነምና የመዳብ ኦክሳይድ ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ ቅርጹን የሚለውጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ለውጥ በኤክስሬይ ብቻ መከታተል ያስቸግራል። ኦክስጅን ቀላል ስለሆነ ለኤክስሬይ ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ ውጤቱም የናሙናው አማካይ ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በዚህ በኩል ይረዳል። በ200 ሺህ ቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመቱ 2.5 ፒኮሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአተም መጠን እጅግ ያንሳል። ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር በታች እስኪሆን ይሳሳል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፑ ውስጥ እንዳለ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። ኦክታሄድሮኖቹ ሲያዘነብሉ በኤሌክትሮን ብተና ምስል ላይ ቀድሞ ያልነበሩ ደብዛዛ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። በምስሉም ላይ አንዱ ክፍል ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያዘነበለባቸው ቀጠናዎችና ድንበሮቻቸው ይታያሉ። ተመራማሪው ግን የኤሌክትሮን ጨረሩ ራሱ ናሙናውን እንዳይለውጠው መጠንቀቅ አለበት።

የስሌቱና የማይክሮስኮፑ መገናኘት ኢትዮጵያዊት ተወላጅ በሆነች ሳይንቲስት ሥራም ይታያል። በ1966 በአዲስ አበባ የተወለዱትና በአሜሪካ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ በ2004 ከዞንግፒንግ ሻኦ ጋር ለነዳጅ ሴል የሚሆን ፔሮቭስካይት ካቶድ አስተዋወቁ። ቁሱ ባሪየም፣ ስትሮንቲየም፣ ኮባልትና ብረት ያለበት ኦክሳይድ ሲሆን ኦክስጅንን በከፍተኛ ፍጥነት ያሳልፋል። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ እንዳሳዩት፣ ቁሱ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ለረዥም ጊዜ ሲቆይ ከኪዩብ ወደ ባለ ስድስት ጎን ሥርዓት ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ብቃቱም ይቀንሳል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ አዲሱ ሥርዓት ከክሪስታል ቅንጣቶች ድንበር ጀምሮ ይበቅላል። ከምክንያቶቹ አንዱ የተስማሚነት ቁጥሩ ከ1 በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቁሱን ለማሻሻል የሚሞክሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚነኩት የአዮኖቹን መጠን ነው።

መታሰቢያ

የዓለም አቀፉ የጂኦኬሚስትሪ ማኅበር ከፍተኛ ሽልማት በጎልድሽሚት ስም ይጠራል። በየዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ የጂኦኬሚስትሪ ጉባኤም ስሙን ይዟል። በ2019 በደቡብ አፍሪካ ከኮፊፎንቴይን ማዕድን ማውጫ በተገኘ አልማዝ ውስጥ ቀድሞ የማይታወቅ ማዕድን መኖሩ ተገለጸ፤ ጎልድሽሚታይት ተብሎም ተሰየመ። ፖታሲየምና ኒዮቢየም የሚበዙበት ይህ ማዕድን ራሱ ፔሮቭስካይት ነው።